የሻምበል አበበ ቢቂላ ሁለተኛው ሕይወት

ከጎተራ ወደ ሳሪስ በሚያወርደው የደብረ ዘይት መንገድ በኩል የቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን መካነ መቃብር ይገኛል። መንገዱ የደቡብ አዲስ አበባ የሥራ መንገድ ነው። ማለዳ ወደ ንፋስ ስልክ ላፍቶና ወደ አቃቂ ቃሊቲ ፋብሪካዎች፣ መጋዘኖች፣ ጋራዦችና የግንባታ ቦታዎች የሚሄደው ሠራተኛ በሰርቪስ፣ በታክሲና በእግሩ ይጎርፍበታል፤ ሲመሽም ደክሞት ይመለስበታል። ንፋስ ስልክ የሚለው ስም ራሱ ከሥራ መሣሪያ የተወረሰ ነው። ያለ ሽቦ መልእክት ለሚያስተላልፈው የሬዲዮ ቴሌግራፍ ሕዝቡ ያወጣለት ስም ሠፈር ሆኖ ቀረ። በዚያ መካነ መቃብር ያረፈውን ሰው ዓለም የሚያውቀው በእግሮቹ ነው። የመጨረሻዎቹን አራት ዓመት ተኩል ግን እግሮቹ ሳይታዘዙለት ኖሯል።

የሻምበል አበበ ቢቂላ ስም ሲነሳ ሮምና ቶኪዮ ይቀድማሉ፤ ተገቢም ነው። ይሁን እንጂ አበበ ደመወዝተኛ ወታደር፣ ጉልበቱ የሥራ መሣሪያው የሆነ ሰው ነበር። ያ ጉልበት በአንድ ሌሊት ከእጁ ሲወጣ የገጠመውና የተደረገለት ነገር ብዙ ጊዜ በሁለት ዓረፍተ ነገር ይታለፋል። በግንባታ ላይ ከመወጣጫ ወድቆ ወገቡ የተሰበረ ሠራተኛ፣ ወይም እጁን ማሽን የበላው የፋብሪካ ባለሙያ በአበበ ሕይወት ውስጥ ራሱን የሚያገኘው በሮም ጎዳና ላይ አይደለም፤ በዚህ በሚታለፈው ክፍል ውስጥ ነው።

አበበ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም በሰላሌ፣ ጃቶ በተባለ የገጠር መንደር ተወለደ። ልጅነቱ የአገሩ ልጆች ልጅነት ነበር፤ ከብት ማገድ፣ ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር የሚያስሮጠው የገና ጨዋታ፣ የደጋ ብርድ። በ1940ዎቹ አጋማሽ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በክብር ዘበኛ ወታደርነት ተቀጠረ። ለገጠር ወጣት ክብር ዘበኛ መግባት ማለት ወር ጠብቆ የሚመጣ ደመወዝ ማግኘት ማለት ነበር። ሩጫውም ከሥራው ጋር ተያይዞ የመጣ ነው። ከሱሉልታ ኮረብታዎች እስከ ከተማ ያለውን ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ሮጦ ይመጣና ሮጦ ይመለስ እንደነበር ይነገራል። ወታደሮቹን ያሠለጥኑ የነበሩት ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ይህን አቅም አይተው ለይተው ያዙት። በመጋቢት 1952 ዓ.ም ወይዘሮ የውብዳር ወልደ ጊዮርጊስን አገባ፤ አራት ልጆችም አፈሩ።

ከሠርጉ በኋላ ስድስት ወር ሳይሞላ፣ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም፣ የዘመን መለወጫ ዋዜማ ምሽት ላይ፣ አበበ በሮም ከተማ በባዶ እግሩ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ጨርሶ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ። ወታደሮች ችቦ ይዘው ባበሩት መንገድ፣ ያኔ በሮም ቆሞ የነበረውን የአክሱም ሐውልት አልፎ፣ የሞሮኮውን ራዲ ቤን አብደሰላምን ወደኋላ ትቶ ከቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ገባ። ስለ ባዶ እግሩ ብዙ ተረት ተወርቷል። እውነቱ ቀላል ነው፤ በውድድሩ ዋዜማ ያገኘው ጫማ አልተስማማውም፤ እግሩ ደግሞ በባዶው መሮጥ ለምዷል። (አንዳንድ የሥራ ኃላፊ ይህን ሰምቶ ለሠራተኛው የደኅንነት ጫማ አለመግዛትን ጀግንነት አድርጎ እንዳያቀርብ! አበበ ባዶ እግሩን የመረጠው የማይመጥን ጫማ እግር እንደሚያቆስል ስላወቀ ነው፤ በቶኪዮ በጫማና በነጭ ካልሲ ሮጦ የዓለምን ክብረ ወሰን ዳግም ሰብሯል።)

በዚያ ሳምንት ዙሪያ የሆኑ ሁለት ነገሮችን አበበም ሆነ በደስታ የተዋጠው ሕዝብ ልብ ያላቸው አይመስለኝም። አንደኛው በማግሥቱ፣ መስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሥራ ላይ መዋሉ ነው። ያ ሕግ ስለ ርስትና ስለ ጋብቻ ብቻ የሚናገር አልነበረም፤ ስለ ሥራ ውል በሚደነግገው ክፍሉ አሠሪው የሠራተኛውን ሕይወት፣ አካልና ጤና የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበት፣ በሥራ ምክንያት ለሚመጣ አደጋና በሽታም ኃላፊ እንደሚሆን አስቀምጦ ነበር። ከዚያ በፊት በጌታውና በአሽከሩ መካከል በይሉኝታና በምሕረት ያልቅ የነበረ ጉዳይ በጽሑፍ ሕግ ሆነ። ሁለተኛው ደግሞ አበበ ከሮም ከወጣ ከጥቂት ቀናት በኋላ በዚያችው ከተማ 23 አገሮች የላኳቸው 400 ያህል አካል ጉዳተኛ ስፖርተኞች በተሽከርካሪ ወንበር ሆነው መወዳደራቸው ነው። ይህ ዛሬ የመጀመሪያው ፓራሊምፒክ እየተባለ ይጠራል። ዓመታት አልፈው ሁለቱም ነገሮች በአበበ ሕይወት ትርጉም ሊኖራቸው ነበር።

በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም የክብር ዘበኛ አዛዦች ያነሡት የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ሲከሽፍ አበበም ለአጭር ጊዜ ታስሮ ተፈታ። በአቴና፣ በኦሳካና በኮሺሴ አሸነፈ፤ በ1955 ዓ.ም በቦስተን አምስተኛ ወጣ። ይህን በፍጥነት ማለፍ ይቻላል። ከቶኪዮ በፊት የሆነው ግን ቆም ብሎ የሚታይ ነው። ከውድድሩ ስድስት ሳምንት ያህል ሲቀረው በደብረ ዘይት ልምምድ ላይ ሳለ ሆዱን አመመው፤ ትርፍ አንጀት ሆኖ ተገኘና መስከረም 6 ቀን 1957 ዓ.ም ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ስፌቱ ከተደረገ አምስት ሳምንት ብቻ ቆይቶ፣ ጥቅምት 11 ቀን፣ ቶኪዮ ላይ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ገባ። ከመስመሩ አልፎ በሣሩ ላይ ጅምናስቲክ ሲሠራ ያየ ተመልካች ማመን አቃተው። ማራቶንን በኦሊምፒክ ሁለት ጊዜ በተከታታይ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ሲመለስ የመቶ አለቃነት ማዕረግ፣ ኒሻን፣ ቤትና አንዲት ቮልስዋገን መኪና ተሸለመ።

ይህ ታሪክ እንደ ተአምር ሲነገር ደስ ይላል። ሆኖም ከቀዶ ሕክምና የተነሣን አካል በአምስት ሳምንት ወደ ከባድ ሥራ መመለስ ለሁሉም ይሠራል ብሎ የሚያስብ ቢኖር ይሳሳታል። የአበበ አካልም ቢሆን ዕዳውን መጠየቁ አልቀረም። ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም ሜክሲኮ ሲቲ ላይ ለሦስተኛ ጊዜ ሲሰለፍ እግሩ ተጎድቶ ነበር። አሥራ ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ሮጦ ከውድድሩ ወጣ፤ ድሉን የክብር ዘበኛ ባልደረባው ማሞ ወልዴ ወሰደ። አንድ አገር፣ አንድ ጦር ክፍል፣ ወይም አንድ ፋብሪካ የሚተካው የሌለ ሠራተኛ ሲኖረው ያንን ሠራተኛ ዐርፈህ ታከም ማለት ይከብደዋል፤ ሠራተኛውም ራሱ ልረፍ ለማለት ያፍራል። በሳሪስም ሆነ በላፍቶ የትኛውም ወርክሾፕ ውስጥ በጉዳት ላይ እየሠራ ያለ አንድ ምርጥ ባለሙያ አይጠፋም።

ከሜክሲኮ መልስ አምስት ወር ቆይቶ መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም ሌሊት አበበ ቮልሷን እየነዳ በሸኖ አካባቢ ሲጓዝ መኪናዋ ከመንገድ ወጥታ ተገለበጠች። ከፊት ለፊቱ በፍጥነት የመጣን ተሽከርካሪ ለመሸሽ ሲል እንደሆነ ቤተሰቡ ይናገራል፤ ሌላ የሚሉም አሉ፤ በጨለማ የሆነ ነገር ነውና ክርክሩ አላለቀም። የሚያጠያይቀው ሳይሆን የሚያሳዝነው ሌላው ነው። በሁለት ኦሊምፒክ ዓለምን ያስከተለ ሰው መኪናው ውስጥ ተቀርቅሮ ሌሊቱን አሳለፈ። የወጣው ሲነጋ ነው። ከአንገቱ በታች ያለው አካሉ አልታዘዝ ብሎ ነበር። ወደ ክብር ዘበኛ ሆስፒታል ተወሰደ።

የአከርካሪ ጉዳት በደረሰበት ሰው ላይ የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ብዙ ነገር ይወስናሉ። የተሰበረ አከርካሪ በውስጡ የሚያልፈውን ህብለ ሰረሰር ሊጫነው ወይም ሊቆርጠው ይችላል፤ ተጎጂውን በእጅና በእግር ይዞ ማንሣት፣ አጣጥፎ ታክሲ ውስጥ መክተት ያልተቆረጠውን ሊያስቆርጥ ይችላል። በቀጥታ በጠንካራ ሳንቃ ላይ፣ አንገቱ ሳይንቀሳቀስ ነው መነሣት ያለበት። በአበበ ላይ የደረሰው በሌሊት፣ ከከተማ ርቆ፣ በገጠር መንገድ ላይ ነበርና ማንንም መውቀስ ያስቸግራል። በጠራራ ፀሐይ፣ በከተማ መካከል፣ አምስትና ስድስት ፎቅ ላይ በባሕር ዛፍ መወጣጫ ቆሞ ሲለስን የወደቀ የቀን ሠራተኛ በባልደረቦቹ ትከሻ ተንጠልጥሎ ሲወሰድ ግን ሰበብ የለም። በሥራ ላይ ያለው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይህን በግልጽ ይናገራል። አሠሪው ለተጎዳው ሠራተኛ የመጀመሪያ እርዳታ በጊዜው የመስጠት፣ ተስማሚ በሆነ ማጓጓዣ በአቅራቢያው ወዳለ የሕክምና ተቋም የማድረስ፣ አደጋውንም ለሚመለከተው አካል የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ተስማሚ የሚለው ቃል ለጌጥ የገባ አይደለም።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር ማስተካከል ይገባል። የአበበ አደጋ በሕጉ ቋንቋ በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት ሊባል አይችልም፤ በራሱ መኪና፣ በራሱ ጉዞ ላይ ነበርና። ዛሬም ያለው ሕግ መስመሩን እንዲሁ ያሰምራል። ሠራተኛው ከሥራ ቦታውና ከሥራ ሰዓቱ ውጭ ቢሆንም እንኳ የአሠሪውን ትእዛዝ ሲፈጽም የደረሰበት ጉዳት የሥራ ጉዳት ነው። ድርጅቱ ባቀረበው ወይም ለዚሁ በተከራየው ሰርቪስ ወደ ሥራ ሲሄድ ወይም ሲመለስ የደረሰበትም እንዲሁ። በዚያው መንገድ፣ በዚያው ሰዓት፣ በታክሲ ተሳፍሮ የተጎዳው ጎረቤቱ ግን በዚህ ድንጋጌ አይሸፈንም። ብዙ ሠራተኛ ይህን ልዩነት የሚያውቀው አደጋው ከደረሰ በኋላ ነው።

አደጋው በደረሰ በሳምንቱ፣ መጋቢት 20 ቀን፣ አበበ ወደ እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ተዛወረ። እዚያ ስምንት ወር ተኛ። ሆስፒታሉ የተመረጠው በምክንያት ነበር፤ ህብለ ሰረሰራቸው የተጎዳ ሰዎችን በማከም በዓለም ከታወቁት ቀዳሚው ነውና። የዚህ ሕክምና ታሪክ ደግሞ የሚጀምረው ከአንድ የማዕድን ሠራተኛ አልጋ ነው።

እ.ኤ.አ በ1917 በዛሬዋ ደቡብ ፖላንድ በምትገኝ የከሰል ማዕድን ከተማ፣ በሥራ የተጎዱ ማዕድን ቆፋሪዎች በሚታከሙበት ሆስፒታል፣ ሉድቪግ ጉትማን የተባለ ወጣት በረዳትነት ያገለግል ነበር። አንድ ቀን አከርካሪው የተሰበረ ጠንካራ ጎልማሳ ቆፋሪ አመጡ። በመጋረጃ ከልለው አስተኙት። ወጣቱ ስለ ሕመምተኛው ሊመዘግብ ሲሞክር አትድከም፣ በጥቂት ሳምንት ይሞታል ተባለ። እንደተባለውም ሰውዬው በጥቂት ሳምንት ሞተ። የገደለው ስብራቱ አልነበረም፤ በመተኛት ብዛት የመጣ ቁስልና የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነበር። ጉትማን ሐኪም ሆኑ፤ አይሁዳዊ በመሆናቸው በ1939 ከናዚ ጀርመን ሸሽተው እንግሊዝ ገቡ፤ በ1944 በስቶክ ማንደቪል በጦርነት ለተጎዱ ወታደሮች የአከርካሪ ጉዳት ክፍል ከፈቱ። የመጀመሪያው ሥራቸው ለሰሚው ተራ የሚመስል ነበር። ሕመምተኛው ቀንም ሌሊትም በየሁለት ሰዓቱ እንዲገላበጥ አዘዙ። ቁስሉ ቀረ፤ ሞቱም ቀነሰ። ቀጥለው የእንጨት ሥራና የሰዓት ጥገና አስገቡ፤ ከዚያም ስፖርት። የለንደን ኦሊምፒክ በተከፈተበት ዕለት፣ ሐምሌ 1948፣ 16 ጉዳተኛ ወታደሮችን በሆስፒታሉ ሣር ላይ በቀስት አወዳደሩ። በሮም የታየው ጨዋታ የዚያ ዛፍ ፍሬ ነው። ጉትማን ሕክምናቸው ተሳካ የሚሉት ታካሚያቸው በሕይወት ስለተረፈ ብቻ አልነበረም፤ ወደ ሥራ ተመልሶ እንደማንኛውም ዜጋ ግብር ሲከፍል ነው።

አበበ የገባው እንዲህ ወዳለ ቤት ነው። መጀመሪያ ላይ ጭንቅላቱን እንኳ ማንቀሳቀስ አይችልም ነበር። ንግሥት ኤልሳቤጥ ዳግማዊት ጠየቁት፤ የመልካም ምኞት ካርድ ከዓለም ዳርቻ ጎረፈለት። ቀስ በቀስ እጆቹ ተመለሱለት። እግሮቹ አልተመለሱም። ሩጫን ከጎዳና የለመደ ሰው አሁን ለመቀመጥ፣ ከአልጋ ወደ ተሽከርካሪ ወንበር ለመሻገር፣ ጎማውን በመዳፉ ለመግፋት እንደ አዲስ ልምምድ ጀመረ። ኒስካነን ከሚሰጡት የልምምድ ሰሌዳ ይህ የቀለለ ነበር ብሎ የሚገምት ካለ አንድ ቀን ሞክሮ ይየው።

ለመሆኑ በዚያ ዘመን በአንድ የአዲስ አበባ ፋብሪካ ውስጥ ያንኑ ዓይነት ጉዳት የደረሰበት ሠራተኛ ምን ይጠብቀው ነበር? በ1950ዎቹ አጋማሽ የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ቁጥር 209 የሲቪል አገልጋዩንና ወታደሩን ያቀፈ ነበር። በዚያው ጊዜ የወጣው አዋጅ ቁጥር 210 ሠራተኛው በማኅበር ተደራጅቶ ከአሠሪው ጋር እንዲደራደር በር ከፈተ፤ የኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበራት ኮንፌዴሬሽንም በዚያው ሰሞን ቆመ። የግል ድርጅት ተቀጣሪው ግን የራሱ የጡረታ ሥርዓት በአዋጅ የተቋቋመለት በ2003 ዓ.ም፣ በአዋጅ ቁጥር 715 ነው። አበበ ቮልሷ ውስጥ ከተቀረቀረበት ሌሊት አንሥቶ ሲቆጠር ከአርባ ዓመት በላይ መሆኑ ነው።

ዛሬ በወረቀት ላይ ያለው ነገር ትንሽ አይደለም። አሠሪው በሥራ ለተጎዳ ሠራተኛ የአጠቃላይና የልዩ ሕክምና፣ የቀዶ ሕክምና፣ የሆስፒታልና የመድኃኒት ወጪውን፣ የሚያስፈልገውን ሰው ሠራሽ አካልና ድጋፍ ጭምር ይሸፍናል። ጉዳቱ ጊዜያዊ ከሆነ ሠራተኛው ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ ለቀጣዮቹ ሦስት ወራት ከደመወዙ ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ከዚያ ላሉት ስድስት ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ያገኛል። ጉዳቱ ዘላቂና ሙሉ ሆኖ ሠራተኛው በጡረታ ሕግ ያልተሸፈነ ከሆነ ካሳው የዓመት ደመወዙ አምስት እጥፍ ነው። አሠሪው ጥፋት አልሠራሁም ብሎ ከዚህ አያመልጥም፤ ኃላፊነቱ በጥፋት ላይ የተመሠረተ አይደለምና። ውል በጽሑፍ ስላልተፈረመም መብቱ አይቀርም። ቃል ብቻ ከሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ዝርዝር በጽሑፍ ፈርሞ መስጠት አለበት፤ ባይሰጥም ሠራተኛው ያለውን መብት አያጣም። የመቅጠሪያ ደብዳቤ የሌለው የቀን ሠራተኛ ይህችን አንቀጽ ቢያውቃት ስንት በር ባልተዘጋበት! ተጎድቶ በመጠኑ ያገገመውም ቢሆን ከሥራ ገበታ እንዳይገፋ የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 568/2000 አለ። አሠሪው ለአካል ጉዳተኛው ሠራተኛ የሥራ ቦታውንና መሣሪያውን እንዲያመቻች ያስገድዳል።

ለአበበ ይህ ሁሉ በሕግ አንቀጽ ተቆጥሮ አልተሰጠውም። የተደረገለት አበበ ስለሆነ ነው፤ ሕዝብ ስለወደደው፣ መንግሥት ስላከበረው። በዚህ የሚቀና የለም። ልዩነቱ ግን ያለው እዚህ ላይ ነው፤ እርሱ በፍቅር ያገኘውን ስሙ የማይታወቀው ለሳኝ፣ ሸማኔ ወይም በያጅ በመብት ሊያገኘው ይገባል። ፍቅር የሚደርሰው ለጥቂቶች ነው፤ አዋጁ የተጻፈው ለቀሩት ነው።

ከስምንት ወር በኋላ አበበ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ አገሩ ገባ። ቤት አልተቀመጠም። በ1962 ዓ.ም ሐምሌ ወር በእንግሊዝ አገር በተካሄደው የስቶክ ማንደቪል ጨዋታ በቀስት ተወዳደረ፤ በጠረጴዛ ቴኒስም ተሰለፈ። አላሸነፈም። እርሱ ግን ለማሸነፍ ሳይሆን ለመሰለፍ መሄዱን የተረዱ ብዙዎች ነበሩ። በሚያዝያ 1963 ዓ.ም ኖርዌይ ውስጥ በተካሄደ የአካል ጉዳተኞች ውድድር እንግዳ ሆኖ ተጋብዞ ነበር፤ እንግድነቱን ትቶ ተወዳዳሪ ሆነ። ውሾች በሚጎትቱት የበረዶ ጋሪ 16 ተፎካካሪዎችን ቀድሞ ገባ። የሰላሌ ልጅ፣ በረዶ ላይ፣ በውሻ ጋሪ! ዜናው አዲስ አበባ ሲደርስ የሳቀም ያለቀሰም ነበር ቢባል ሐሰት አይመስለኝም።

በ1964 ዓ.ም ማብቂያ የሙኒክ ኦሊምፒክ የክብር እንግዳ አድርጎ ጠራው። ወንበሩ ወደ ስታዲየሙ ሲገባ ሕዝቡ ተነሥቶ አጨበጨበለት። የማራቶኑ ዕለት ጳጉሜን 5 ነበር፤ ልክ በሮም ባሸነፈበት ቀን፣ ልክ በአሥራ ሁለተኛው ዓመት። አሜሪካዊው ፍራንክ ሾርተር ወርቁን ወሰደ፤ ማሞ ወልዴ ነሐስ አገኘ። ሾርተር ሜዳሊያውን ካጠለቀ በኋላ በቀጥታ ወደ አበበ ሄዶ እጁን ጨበጠው።

አበበ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም በ41 ዓመቱ በአንጎል ውስጥ ደም በመፍሰሱ ሞተ። ሐኪሞች ምክንያቱን ከአራት ዓመት በፊት ከደረሰው አደጋ ጋር አያይዘውታል። የጉዳት ሕግ የሚያጠኑ ሰዎች ይህን ያውቁታል፤ አደጋ አንዳንድ ጊዜ የሚገድለው ዘግይቶ ነው። ስለዚህም ካሳ ተከፍሎ ፋይል ከተዘጋ በኋላ የተጎጂው ቤት ውስጥ ያለው ሕመም አይዘጋም። የአበበ የመጨረሻ ዓመታት በውጭ ሲታዩ የቀስት፣ የግብዣና የጭብጨባ ዓመታት ነበሩ። በቤት ውስጥ ግን በየቀኑ የሚያነሡት፣ የሚያጥቡት፣ የሚገላብጡት እጆች ነበሩ። የእነዚያ እጆች ድካም በየትኛውም የክብረ ወሰን መዝገብ ላይ አልተጻፈም፤ በሥራ የተጎዳን ሰው የምታስታምም ሚስት፣ እናት ወይም እህት ድካም ዛሬም በካሳው ስሌት ውስጥ ስትገባ እምብዛም አይታይም።

ንጉሠ ነገሥቱ ብሔራዊ የሐዘን ቀን ዐወጁ። በሙሉ ወታደራዊ ሥነ ሥርዓት ሲቀበር የተገኘው ሕዝብ 65,000 ያህል ሆኖ ተገምቷል። አስከሬኑን የሸኘው ያ ሁሉ ሰው ወደ ደቡብ በሚወስደው መንገድ ሄዶ በዮሴፍ መካነ መቃብር አሳረፈው። ከ29 ዓመት ገደማ በኋላ ማሞ ወልዴም በዚያው ተቀበረ። ሁለቱ የክብር ዘበኛ ባልደረቦች ዛሬ በአንድ ቅጥር ውስጥ ናቸው። ከቅጥሩ ውጭ ባለው መንገድ በየማለዳው ገና ሳይነጋ የምሳ ዕቃውን በፌስታል የያዘው ሠራተኛ ወደ ንፋስ ስልክ ይወርዳል።